ዓርብ የሚውለው እንቁጣጣሽ

ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ዓርብ ነው። ዶሮ የለም ማለት ነው።

እማዬ ይህን ካሰላች ጀምሮ ቅር ብሏታል። ገናና ጥምቀት ዓርብም ረቡዕም ቢውሉ ይበላል፤ እንቁጣጣሽ ግን ጾም አያስፈታም። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2019ን በሽሮና በስልጆ ልንቀበለው ነው። ዶሮው ቅዳሜን ይጠብቃል። (ጅማ መርካቶ እግራቸው ታስሮ የተቀመጡት ዶሮዎች ወሬውን ቢሰሙ ደስታቸውን አልችለውም።) ሀጂ ደግሞ፣ የሱቅ ጎረቤቴ ናቸው፣ ስትነግራቸው «እኛም ጁምዓ ነው፣ አብረናችሁ እንጾማለን» ብለው አሳቋት። እኔ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ደስ ብሎኛል። የበዓል ምሳ በልቼ ስምንት ሰዓት ላይ ሶፋ ላይ ተዘርግቼ የጀመርኳቸውን ዓመቶች አውቃቸዋለሁ። እንደተዘረጋሁ ነው ያለቁት።

ዕቅድ ጠፍቶኝ እንዳይመስላችሁ። ጅማ ያደገ ሰው ዕቅድ አያጣም። ከሰዓት በኋላ አራት ጓደኛ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ በርጫው ሲደምቅ፣ አሥር ሰዓት ገደማ ምርቃናው ሲመጣ፣ ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ፎቅ ያልሠራንበት ባዶ ቦታ አይቀርም፤ አንዱ ቡና ኤክስፖርት ያደርጋል፣ አንዱ ሆቴል ይከፍታል፣ አንዱ ለሁላችንም ሥራ ይሰጠናል። ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ፎቅ ይፈርስና ዝም ተባብለን ወደ ቤት እንሄዳለን። ጫት ከተውኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ምርቃናው ግን በየጳጉሜው ይመጣብኛል። በየቀኑ ዳዊት እደግማለሁ፣ ጠዋት እሮጣለሁ፣ አልቆጣም፣ ለእማዬ ጊዜ እሰጣለሁ። ጽሕፈት መሣሪያና ፎቶ ኮፒ ቤት ስላለኝ ደብተር አይቸግረኝም። በያንዳንዱ ደብተር ላይ ጽሑፉ የሚያልቀው ጥቅምት አካባቢ ነው።

ነገሩን የቀየረው ያለፈው እንቁጣጣሽ ነው። ሐሙስ ነበር። ጠዋቱን ይዘንባል። (የጅማ ክረምት የቀን መቁጠሪያ አያነብም። ሬዲዮው ስለ ፀሐይና ስለ አደይ አበባ ያወራል፣ እኛ ጃንጥላ ይዘን ከቤተ ክርስቲያን እንመለሳለን።) በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስልኬን ይዤ ነበር። አደይ አበባ ያለበት፣ «እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገረዎ» የሚል ምስል አንዱ ልኮልኝ፣ እኔም ስልኬ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ እያስተላለፍኩ ነው። ቶነር የሚያመጣልኝ ነጋዴ፣ ድሮ አብሮኝ የተማረ፣ ገንዘቤን ወስዶ የጠፋ ሰው ሳይቀር ደርሶታል። በመሃል አበባየሆሽ የሚሉ ልጆች በሩ ላይ ቆሙ። ከበሮው ይሰማኛል። ዘፈኑ አለቀ። ሃያ ብር አውጥቼ ዓይኔን ከስልኩ ሳላነሳ ዘረጋሁ። ትንሽ እጅ ተቀበለችኝ።

በነጋታው ሱቅ ስከፍት ሀጂ ጠሩኝ።

«ትናንት የልጅ ልጄ እናንተ ጋ መጥታ ነበር አይደል?»

«ኧረ አላየኋትም ሀጂ።»

«ሃያ ብር ሰጥተሃታል እኮ።»

ዝም አልኩ።

«ብሩን ወዳዋለች። ግን ‹ጋሼ አላየኝም› አለችኝ።»

እየሳቁ ነው የነገሩኝ። ለወቀሳ አልነበረም። ልጅቷን በየቀኑ ነው የማያት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷ ሱቅ ኮረሪማው ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ የቤት ሥራ ትሠራለች፣ እርሳስ መቅረጫ የምትበደረው ከኔ ነው። ለመቶ ምናምን ሰው «እንኳን አደረሰህ» ስል በሬ ላይ የደረሰችውን አላየሁም።

በዚያው ሳምንት ሌላ ነገር ተከተለ። ማታ ውዳሴ ማርያም ደግሜ መጽሐፉን ስዘጋ፣ የትኛውን ቀን እንደደገምኩ ጠፋኝ። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱም ቀን የተከፈለ ነው። ከፍቼ አየሁት። ረቡዕ ነው፣ እኔ የሐሙስን ነው የደገምኩት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ጮክ ብዬ። አፌ ሲደግም እኔ የት እንደነበርኩ ግን በደንብ አስታውሳለሁ። ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው ለጻፈብኝ ነገር አሪፍ መልስ እያዘጋጀሁ ነበር።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩና ቀኖና ይጨምሩልኝ አልኳቸው። ስግደትም ይሁን፣ ዳዊትም ይሁን፣ ጠንከር ያለ ነገር። ምርቃና መሆኑን አሁን ነው የማውቀው። አባ ትንሽ አዩኝና፣

«ያለህን የት አድርሰኸው ነው ጭማሪ የምትጠይቀው?» አሉኝ።

ጭራሽ ቀነሱልኝ። አርባ ቀን አቡነ ዘበሰማያት ብቻ፣ ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። ግን በሐሳብ ሳይወጡ። ሐሳቤ ከሄደ መደንገጥ የለም፣ ራስን መሳደብ የለም፣ ከጠፋሁበት ቃል ላይ ተመልሼ መቀጠል ነው። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ጸሎት እኮ ነው፣ ሕፃን ሆኜ ነው ያጠናሁት።

አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አንድም ጊዜ ሳልወጣ አልጨረስኩትም።

የገረመኝ ደግሞ የምወጣበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ መሆኑ ነው። «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» ላይ ስደርስ እንጀራ ትዝ ይለኛል፣ ከእንጀራ ወደ ሱቅ ኪራይ፣ ከኪራይ ወደ አከራዬ ፊት፣ ከዚያ ጭማሪ ቢጠይቀኝ ምን እንደምለው ንግግር አዘጋጃለሁ። ስመለስ «አሜን» ላይ ነኝ። ከብዙ ቀን በኋላ አንድ ጠዋት፣ ለአራተኛ ጊዜ ወደዚያው ቃል ስመለስ፣ ቀጥሎ ያለውን ሰማሁት። «ሀበነ ዮም» ነው የሚለው። ዛሬ ስጠን። እኔ የጥቅምትን ኪራይ እያሰላሁ፣ ጸሎቱ ስለ ዛሬ ነው የሚያወራው። ሠላሳ ዓመት ስደግመው ዮም የምትለዋን ቃል ያየኋት የመጀመሪያ ቀን ያን ዕለት ነው ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ ወዲህ ነቅቶ መኖር ሲባል የሚታየኝ ይቺ መመለስ ናት። ሐሳብ ይሄዳል። መሄዱን ማወቅ፣ መመለስ። የሄደበትን ቦታ መሰለልም ይጠቅማል፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚሄድ ሐሳብ፣ እዚያ ቦታ ያልተፈታ ነገር አለ ማለት ነው። እኔ ኪራይ ፈርቼ እንደምኖር ያወቅኩት አቡነ ዘበሰማያት ስል ነው። ከአከራዬ ጋር ቁጭ ብዬ ተነጋገርኩ። ጨመረብኝ፣ ግን እንደፈራሁት አልነበረም።

ሀጂን ማየት የጀመርኩትም በዚህ ሰሞን ነው። ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተን ማለቴ ነው። ማር፣ ኮረሪማና የተፈጨ ቡና ይሸጣሉ። አዛን ሲል የሚያደርጉት አለ። መጀመሪያ ሚዛኑ ላይ ያለውን ያወርዳሉ። ግማሽ ኪሎ የተመዘነ ማር ቢኖር እንኳ ያወርዱታል። ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ፣ ጆጉን ይዘው ወደ ጓሮ ይገባሉ፣ ሲመለሱ እጅጌያቸው እስከ ክርን እርጥብ ነው። በመጨረሻ በሩ ላይ ዱላቸውን ያጋድማሉ። ያቺ ዱላ ቁልፍም አይደለች፣ አጥርም አይደለች፣ ግን ተሻግሯት የገባ ሰው አላየሁም።

«ገበያ አያመልጥዎትም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የኔ ሪዝቅ ከሆነ ቆሞ ይጠብቀኛል።» ሪዝቅ የሚሉት ሲሳይን ነው።

ቀጥለው ስለ ኒያ ነገሩኝ። ሥራ የሚለካው በኒያ ነው የሚል ሐዲስ አለ፤ ሰው ከመስገዱ በፊት ምን ሊያደርግ እንደሆነ በልቡ ያስባል። «ልብህ ሱቅ ቀርቶ ግንባርህ ምንጣፍ ቢነካ ምን ዋጋ አለው?» አሉኝ። እኔም እኮ ሱቅ ስከፍት አማትባለሁ። እጄ ነው እንጂ የሚያማትበው፣ እኔ ቁልፉ ውስጥ ገብቼ ነው የምገኘው። አሁን መቆለፊያውን ከመንካቴ በፊት አማትቤ ትንሽ እቆማለሁ። ዛሬ ለሚመጣ ሰው ነው የምከፍተው እላለሁ። አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ባጃጅ ነጂዎቹ «ቁልፍ ጠፋበት መሰለኝ» ይላሉ።

የሀጂ ዱላ ቀናሁባት። እኔ ደግሞ ምን ላጋድም? ያገኘሁት መብራት መጥፋትን ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል የሠራበት ያውቀዋል፤ ማሽኑ ወረቀት እንደነከሰ ቀጥ ይላል፣ ተማሪው ያጉረመርማል፣ እኔ እሳደባለሁ። አሁን ያ ድንገት የሚመጣ ጸጥታ አዛኔ ሆኗል። ባንኮኒው ላይ እጄን አሳርፌ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ። በቀን ሦስትና አራት ጊዜ የሚጠፋበት ሳምንት ስላለ፣ በጸሎት ብዛት ከመነኩሴ ሳልበልጥ አልቀርም።

ግን ቅዱስ ሆንኩ እንዳትሉኝ። ሰኔ ላይ፣ ተመራቂዎች ጽሑፋቸውን በሚያስጠርዙበት ወከባ፣ አንዷ ተማሪ ሽፋኑ ተገልብጦ ነው የተጠረዘው ብላ መለሰችልኝ። ሰው በተሰበሰበበት ጮህኩባት። አንቺ ነሽ ገልብጠሽ የሰጠሽኝ አልኳት። ደግማ አልተናገረችም፣ ሌላ ኮፒ አሠርታ፣ ከፍላ ሄደች። ማታ ወረቀት ሳስተካክል የሰጠችኝን ሽፋን አገኘሁት። የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ያን ዕለት መብራት አልጠፋም ነበር። በሦስተኛው ቀን ሌላ ነገር ልታስቀዳ ስትመጣ «ያን ቀን ጥፋቱ የኔ ነበር» ብዬ ብሯን መለስኩላት።

«አውቃለሁ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ስለ ቡና ሳልጽፍ ከጅማ የጻፍኩ አይመስልም። ቡናው አጠገባችን ነው፣ አሁን በየጓሮው ገና አረንጓዴ ነው፣ መቅላት ሊጀምር ነው። እኛ ግን ካፌ ቆመን ማኪያቶ በሁለት ደቂቃ ጭልጥ አድርገን እንሮጣለን። ቤት ቢፈላም እኔ የአቦል ሰው ነበርኩ። አንድ ስኒ፣ ከዚያ ስልክ። ባለፈው ዓመት እሑድ እሑድ እስከ በረካ ልቀመጥ አልኩ። በረካ ስሙ ራሱ በረከት ነው፣ ጣዕሙ ግን እንደ ውሃ ቀጥኗል፣ ማንም ለጣዕሙ ብሎ አይጠጣውም። አቦል ላይ እማዬ የሰፈሩን ወሬ ትጨርሳለች። ቶና ላይ ዝም እንላለን፣ መጀመሪያ ላይ ዝምታው ከብዶኝ ኪሴን እዳብስ ነበር። በረካ ላይ፣ ስኒውን እያጠበች፣ ቀና ሳትል ትናገራለች። ጉልበቷ ከጥምቀት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት እንደሚያነቃት የነገረችኝ በረካ ላይ ነው። የነገረችኝ በፋሲካ ማግሥት ነው። ሦስት ወር አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን!

አሁን ጳጉሜ ነው። የጳጉሜ ጾም የፈቃድ ነው፣ ከዮዲት ጋር አያይዘው ብዙዎች ይጾሙታል። እኔ ከምግቡ ጋር ስልክ ጨምሬበታለሁ፣ እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት። መደበቂያውን የመረጠችልኝ እማዬ ናት፣ ሞሰብ ውስጥ። ስነቃ እጄ ራሱን ችሎ ወደ ትራስ ሥር ይሄዳል። ባዶ ነው። ያቺ ባዶ ቦታ ላይ ነው ጸሎቴን የምጀምረው። ትናንት ሞሰቡ ውስጥ ሲንጫረር እማዬ «እንጀራው ተደወለለት» አለች።

እሑድ፣ ጳጉሜ 1፣ በእግሬ ጅሬን ወጣሁ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል፣ ይህን ለእንግዳ ሁሉ ስዘረዝር ኖሬያለሁ። ስንቴ እንደሄድኩ እንጃ፣ ሁልጊዜ እንግዳ ይዤ ነው፣ ሁልጊዜ ፎቶ አንሺ ነኝ። ብቻዬን፣ ያለ ስልክ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። የእንጨት ሰገነቱ ሥር ቆሜ ዝናቡ እስኪያባራ ስጠብቅ፣ ጣውላው ላይ እጄን አሳረፍኩ። ያረጀ እንጨት ዝናብ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለ። በቃ ይኸው ነው፣ ሌላ የማወራው የለኝም። ግን ነበርኩ።

ማታ ማታ የቀረኝ አንድ ነገር አለ፣ ከጸሎተ አኮቴት የወሰድኩት። ቅዳሴ ላይ ካህኑ «ነአኩቶ» ብሎ የሚጀምረው። ሸፍኖናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና እያለ ይሄድና «ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት» ይላል። እስከዚች ሰዓት አድርሶናልና። ዓመት አይልም። ሰዓት ነው የሚለው። ዓመት ጠብቀን «እንኳን አደረሰህ» እንባባላለን፤ በየቅዳሴው ለዚች ሰዓት አደረሰን እየተባለ ሲመሰገን እኔ ጫማዬን ፍለጋ በዓይኔ በሩ ጋ ነበርኩ። አሁን መብራት ከማጥፋቴ በፊት የቀኑን ሰዎች በፊታቸው አስታውሳለሁ። ፊቱ የማይመጣልኝ ሰው ካለ ያን ሰው አላየሁትም ማለት ነው። ብዙ ናቸው።

ለ2019 ደብተር አልከፈትኩም። ሱቁን በማማተብ መክፈት፣ እሑድን እስከ በረካ፣ ማታ ፊቶቹን። ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ መጨረሻው ላይ ያለው ጳጉሜ 6 ቀን ነው፣ ለተንጠባጠበው አንድ ቀን ጭማሪ አለኝ።

ይህን የምጽፈው የሩፋኤል ዕለት ማታ ነው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥቁር ደመና ጅሬንን ሸፍኖ መጣና ዝናቡን አወረደው። የግቢው ልጆች ልብሳቸውን ጥለው እየጮኹ ወጡ፤ የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው። እማዬ ለሊጡ ጠብ የምታደርገውን ልትይዝ ድስቱን ደጅ አወጣች። እኔ በር ላይ ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። ቪዲዮ ልቀርጻቸው።

«ምን ትቀርጻለህ፣ ወጥተህ አትታጠብም?» አለች እማዬ።

ስልኩን ሞሰቡ ውስጥ ጣልኩትና ከነሸሚዜ ወጣሁ። ቀዝቃዛ ነው። በጣም ቀዝቃዛ ነው። ልጆቹ ሳቁብኝ። ሲያባራ የሀጂ የልጅ ልጅ ከጎረቤት በረንዳ፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በቢጫ ጀሪካን አበባየሆሽ ስትለማመድ አየኋት። የፊት ሁለት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ውሃ እየተንጠባጠብኩ ሄጄ፣ ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማኋት።

ጨርሳ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ አምሳ ብር ነው።»